የጭቃ ቀለበት

ጆሃንስበርግ ያለነው ሰዎች የምንቀድስበት ቤተ ክርስቲያን የራሳችን አይደለም። የእንግሊዞች ነው። ጀፕስታውን ውስጥ፣ ልጄ ብርድ ልብስ በጅምላ ከሚሸጥበት መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት። እሑድ እሑድ እኛ በማለዳ ገብተን ቀድሰን እንወጣለን፣ እነሱ በአራት ሰዓት ይገባሉ። እነሱ ስል ዛሬ የቀሩት ጥቂት የአገሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው። ቁልፉን የምትይዘው ጎጎ ታንዲ ናት። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው። እሷ እኔን ጎጎ ትለኛለች፣ እኔም እሷን ጎጎ እላታለሁ። ሳውቦና ብለን ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ያለፈውን የልጅ ልጄ ሳሮን ታስተረጉምልናለች።

አንድ ሳምንት ያ በረዶ የቀላቀለ የዚህ አገር ዝናብ ሲወርድ ሰነበተ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሹራቤን ላነሳ ወደ ኋለኛዋ ትንሽ ክፍል ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽታ ነው ያቆመኝ። የኮመጠጠ፣ እርጥብ፣ ትንሽ እንደ በረት፣ ትንሽ ኩሽና እንደተረሳ ሊጥ።

«ምን ሆንሽ እማማ? አመመሽ?» አለችኝ ሳሮን።

«ዝም በይ፣ እያሸተትኩ ነው።»

«ሻጋታ እኮ ነው። ነይ ውጪ፣ አለርጂ ይነሳብሻል።»

ሻጋታ አልነበረም። ጥግ ላይ ጣሪያው አፍስሶ ኖሮ፣ ነጩ ልስን የሰፌድ ያህል ተገምሶ ወድቋል፤ ከሥሩ ቀይ ጭቃ ይታያል፣ ከጭቃው ውስጥ ደግሞ የጭድ ጫፍ ጫፍ ብቅ ብቅ ብሏል። አፍንጫዬን አስጠጋሁት። ጎጎ ታንዲ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና ሳቀችብኝ።

ከዚያ የቤቱን ታሪክ ነገረችን። ወርቅ ፍለጋ የመጡት እንግሊዞች ሲሰፍሩ ከተማ የሚባል አልነበረም፣ ድንኳንና ቆርቆሮ ብቻ። ቸኩለው ይቺን ክፍል በጭቃ ሠሩና ጸለዩባት። በኋላ ኪሳቸው ሲሞላ ትልቁን ቤት በድንጋይ አስገነቡ፣ ባለቀለሙን መስተዋት ከአገራቸው በመርከብ አስመጡ፣ ይቺም የዕቃ ማስቀመጫ ሆና ቀረች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ እንጨት አለ፤ የቄሶቹ ስም ከመጀመሪያው እስከ አሁኑ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ጎጎ እየጠቆመች ሁሉንም አነበበችልን።

«ጭቃውን የረገጠውስ ማነው በያት» አልኳት ሳሮንን።

ጎጎ ታንዲ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ እንደገና ልትፈልግ ያህል። «እሱ እዚህ ላይ የለም» አለች።

«ትልቁ ቤት እስኪደርስ እዚህች ውስጥ ነበር የሚጸልዩት?»

«አዎ፣ ስንት ዓመት።»

«መቃኞ ነቻ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳሮን ቃሉን አታውቀውም። እዚህ አድጋ ከየት ታውቀዋለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ወይም ሲታደስ፣ ታቦቱ ቤቱ እስኪያልቅለት የሚያርፍባት ትንሽ ጎጆ ናት መቃኞ። እኔ ደህና አድርጌ አውቃታለሁ። አንድ በጋ ሙሉ ዙሪያዋን ስዞር ከርሜያለሁና።

ስንት ዓመቴ እንደነበር ማን ጽፎልኝ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ገና ብቅ ሲሉ ነው። እናቴ ታማ ነበር። አባቴ በበቅሎ ጭኖ፣ ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ ጠበል ይዟት ወረደ፤ እኔን አክስቱ እማማ አስካለ ዘንድ ትቶኝ ሄደ። እማማ አስካለ ልጅ አልወለዱም። ከልጅ ጋር ሲነጋገሩ እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚያወሩት፣ እያቆላመጡ ማባበልን አያውቁበትም። የመጀመሪያው ቀን አመሻሹ ላይ ጥግ ይዤ ሳለቅስ፣ ጥጥ ከሚፈትሉበት ቀና አላሉም።

«እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?»

እንዝርቱን አንድ ሁለት ጊዜ አሾሩት። «ቂርቆስ ቤቱ ሲገባ እናትሽም ቤቷ ትገባለች።»

እንግዲህ እንዳርፍላቸው ብለው ነው። እኔ ግን እንደ ቀጠሮ ያዝኩት።

ቂርቆስ የደብራችን ታቦት ነው። ዙሪያውን የተመረገው ግድግዳ አርጅቶ ተልጦ፣ የጣሪያው ሣርም በስብሶ ስለነበር አገሩ ተማክሮ ሊያድሰው ተነሳ። ኅዳር ላይ ታቦቱ ወጥቶ መቃኞ ገባ፤ ቤቱ ታድሶ ለክብረ በዓሉ፣ ለጥር አሥራ አምስት፣ መመለስ አለበት። ስንት ጊዜ እንደታደሰ ብትጠይቁ እንደዚህ እንደ እንግሊዞቹ በእንጨት ላይ የተጻፈ አልነበረም። ሽማግሎች «በእገሌ አለቅነት ዘመን ሣር ለበሰ፣ በእገሌ ጊዜ ምሰሶው ተለወጠ» እያሉ ይቆጥሩታል፣ ሲጣሉበትም ይውላሉ።

እኔ በሥዕሉ የማውቀው ቂርቆስ ሕፃን ነው። የእናቱን የኢየሉጣን እጅ ይዞ ይቆማል። ስለዚህ ቄሱ በጨርቅ ሸፋፍነው በራሳቸው ተሸክመው ሲያወጡት ልጁን የተሸከሙት መሰለኝ። ትንሽ ስለሆነ ነው ራሳቸው ላይ የቻሉት አልኩ። መቃኞ ውስጥ አስገብተው ሲዘጉበት ሆዴ ባባ። እናቱስ? እናቱ አብራው ስትገባ አላየኋትም። እንደኔ ሰው ቤት አስቀምጠውት ነው።

በማግስቱ ከእማማ አስካለ ሰፌድ ላይ ቆሎ ቆንጥሬ፣ በመቃኞዋ ጀርባ ሣሩ በሳሳበት በኩል ድንጋይ ላይ አኖርኩለት። በነጋታው ስሄድ ቆሎው የለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከዚያ ወዲያ ስንቁን አላቋረጥኩበትም። አንድ ማለዳ ደግሞ ከዚያው ከመቃኞዋ በኩል ሳል ሰማሁ፣ ያውም ወፍራም ሳል። ሮጬ እማማ አስካለ ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ ቂርቆስን ብርድ መታው!»

«ምን?»

«ያስለዋል። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ነው። ቶሎ ቤቱ ይግባ።»

እማማ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያኔ ያዘኑ ነበር የመሰለኝ። የሚያስለው ለካ ዘበኛው አያ በላይ ነበር፤ መቃኞዋን ተደግፎ ነው የሚያድረው። ቆሎውንም የሚበላው እሱ ነው። ይሄን ያወቅሁት በኋላ፣ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «አንቺ፣ ያ ቆሎሽ ጨው ያንሰዋል» ሲለኝ ነው።

ወደ ጭቃው ነገር ልመለስ። እማማ አስካለ በአገሩ የታወቁ የጭቃ ዐዋቂ ነበሩ። ቤት የሚያስመርግ ሁሉ እሳቸውን ጠርቶ ያሳያል። ለቂርቆስ ሦስት ጉድጓድ ተቆፈረ። ቀይ አፈር፣ የጤፍ ጭድ፣ ከወንዝ በእንስራ የምናመላልሰው ውሃ። ወንዶቹ ይረግጡታል፣ ልጆችም እየተንሸራተትን እንረግጣለን፣ ከዚያ በቅጠል ይሸፈንና ይቦካል። በየሦስት ቀኑ ይገለጥና እንደገና ይረገጣል። መጀመሪያ የሚሸተው እንደ ዝናብ ነው። ሲሰነብት ይኮመጥጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጭዱ ይልምና ከአፈሩ አይለይም፣ ለእግር እንደ ሐር ይለሰልሳል።

እማማ አስካለ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ያሸታሉ። ከዚያ ቆንጥረው በመዳፋቸው እንደ ገመድ ያሾሩና ጣቴ ላይ ይጠቀልሉታል። ቀለበት። «ሳትነኪው ዋዪ» ይሉኛል። ሲመሽ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ «ገና ነው» ይላሉ። ሳይሰነጠቅ ከዋለ ጭቃው ደርሷል። ለምን የኔን ጣት እንደመረጡ እንጃ። ምናልባት የማለቅስበት እጅ እንዳይኖረኝ ብለው ይሆናል፤ በቀለበት እጅ ዓይን አይታሸም። የመጀመሪያው ጉድጓድ ስምንት ጊዜ ገና ነው ተባለበት። ስምንት! እኔ በልቤ እማማ አስካለን ተጣላኋቸው። ሰው እናቱን ሲጠብቅ እንዴት ገና ነው ይባላል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲደርስ የቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ተመረገ። ሁለተኛው ለመቅደሱ ነበር። መቅደስ ማለት ካህን ብቻ የሚገባበት ነው፤ ሴት ቀርቶ ያልተሾመ ወንድም አይረግጠውም። አለቃ ወልዴ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሴቶቹን በሩ ላይ ሰብስበው፣ «ታቦቱ ተመልሶ እስኪባረክ ድረስ ይሄ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው። ግቡና መርጉ» አሉ። የቀደመ ሰው አልነበረም። እማማ አስካለ መቃኑን ግራና ቀኝ ተሳልመው መጀመሪያ ገቡ፣ እኔ ቀሚሳቸውን ይዤ ተከተልኩ።

ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? ምንም። ባዶ ክፍል፣ የሸረሪት ድር፣ ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርድ ብርሃን።

«አልጋው የታለ?» አልኳቸው።

«የማን አልጋ?»

«የቂርቆስ።»

«አሁን እሱን ዝም በይና ጭቃ አቀብይኝ» አሉ። ግን ፊታቸው ሌላ ፊት ሆኖ ነበር። ወጣ ስንል አንዷን ሴት፣ «ለአንድ በጋ ብቻ! ከዚህ በኋላ በሕይወታችን አናየውም» ሲሏት ሰማሁ። እዚህ ጎጎ ታንዲ መጥረጊያዋን ይዛ ዘፈን እያንጎራጎረች መሠዊያው ሥር ድረስ ስትጠርግ ባየሁ ቁጥር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ቀኝ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል።

ያን ቀን ከመጀመሪያው ጉድጓድ በተረፈው ጭቃ አንድ ጎን መረግን። በማግስቱ እማማ አስካለ ወንዝ ወርደው ከእንስራቸው ጋር ወደቁ፣ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠና አልጋ ላይ ዋሉ። የሁለተኛውን ጉድጓድ ጭቃ አስቆንጥረው አስመጡ፣ ቀለበቱን ጣቴ ላይ ጠቀለሉ።

«ነገ ጠዋት አይተሽው፣ ከተሰነጠቀ ገና ነው ብለሽ ለአለቃ ትነግሪያቸዋለሽ። ካልተሰነጠቀ ደርሷል ትያቸዋለሽ። እኔ መሄድ አልችልም፣ አፌ አንቺ ነሽ።»

ጠዋት ቀለበቱ ተሰንጥቋል። ፀጉር የምታህል ናት፣ ግን ስንጥቅ ናት። ደጅ ወጥቼ ምራቄን ቀባሁና በአውራ ጣቴ አሸሁት። ስንጥቁ ጠፋ። መንገዱን ሙሉ እጄን እንደ ቁስለኛ ወደ ላይ ይዤ ሄድኩ። አለቃ ወልዴ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አስካለ ምን አለች?»

«ደርሷል ብለዋል።»

ሁለት ቀን ሙሉ መቅደሱ ተመረገ። እኔም ከታች፣ ቁመቴ በሚደርስበት፣ በመዳፌ መረግሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም፤ በእያንዳንዷ መዳፍ «ቅርብ ናት፣ ቅርብ ናት» እላለሁ። በአራተኛው ቀን ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። በአምስተኛው፣ ሰው እያየ፣ ከላይ ጀምሮ እንደ አሮጌ ልብስ ወለቀና መሬት ላይ ተከመረ። ከጥር አሥራ አምስት በፊት የቀረው ጊዜ በእጅ ጣት የሚቆጠር ነበር።

እማማ አስካለ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ከወደቀው አንስተው አሸተቱ። አለቃ ወልዴ በላያቸው ቆመዋል።

«አስካለ፣ አፍንጫሽም አረጀ እንዴ? ለቅኔ ማኅሌቱ ስምንት ጊዜ ገና ነው ብለሽ፣ ለመቅደሱ ሲሆን ነው ያልደረሰ የምታሳልፊው?»

እማማ አስካለ ዞር አሉ። እኔን ብቻ አዩኝ። የቁጣ ዓይን አልነበረም፤ ጉድጓድ ሲመረምሩ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣

«እኔ ነኝ። ተሰንጥቆ ነበር፣ በምራቄ ደፈንኩት» አልኩ።

«ለምን?» አሉ አለቃ።

«ቂርቆስ ቶሎ እንዲገባ።»

«አንቺን ምን አስቸኮለሽ?»

«እሱ ሲገባ እናቴ ትመጣለቻ! እማማ ብለውኛል።»

እማማ አስካለ የደገፏቸውን ሰዎች ልቀቁኝ አሉና፣ በዚያ ባበጠ እግራቸው መሬት ላይ፣ ከፊቴ ተቀመጡ። ፊታችን እኩል ሆነ።

«እኔ ነኝ መጀመሪያ ያልደረሰ የመረግሁት» አሉኝ። «እናትሽ መቼ እንደምትመጣ አላውቅም። እንድትተኚልኝ ብዬ ነው።»

«ሲገባ አትመጣም?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ልትመጣም ትችላለች። ላትመጣም ትችላለች። አላውቅም።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ቀለበትም አልነበረኝም፣ በሁለቱም እጄ። ግን አንድ ነገር አስታውሳለሁ፤ እሳቸው ከዚያ በኋላ ሌላ ማባበያ አላሉም፣ አብረውኝ ቁጭ ብለው ቆዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያሉኝን ሁሉ አመንኩ።

ሦስተኛው ጉድጓድ ለውጭው ግድግዳ የታሰበ ነበር። እሱ ደርሶ ስለነበር ለመቅደሱ ተወሰደ፤ የመጨረሻውን ቀለበት እማማ አስካለ በራሳቸው ጣት ሳይሆን እንደገና በኔ ጣት ላይ ጠቀለሉት። አለቃ ወልዴ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «አሁንም ለሷ?» አሉ። «አሁንማ ከማንም ይልቅ ለሷ!» አሉ እማማ አስካለ። ቀለበቱ እስኪመሽ እንደታተመ ማኅተም ድፍን ብሎ ዋለ። እኔም ያችኑ ከታች ያለችውን ቦታዬን መልሼ መረግሁ። ቂርቆስ በዚያ ዓመት ጀርባው ሳይመረግ፣ እንጨቱ እንዳገጠጠ፣ በቀኑ ቤቱ ገባ። እልልታው፣ ከበሮው፣ ዝናሩን አጥልቆ የሚያስለው አያ በላይ። እኔ ደጀ ሰላሙ ላይ ወደ ጠበሉ የሚወስደውን መንገድ እያየሁ ቆሜ ዋልኩ። እማማ አስካለ ትንሽ ቆይተው መጡና አጠገቤ ቆሙ። እናቴ አልመጣችም።

የመጣችው የካቲት ውስጥ፣ በዓል ባልነበረ ቀን፣ እኔ እንስራ ሳጥብ ነው። ቀጥናለች፣ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። ጎንበስ ብላ አናቴን ሳመችና፣ «ምን ምን ነው የምትሸቺው?» አለች። ቤተ ክርስቲያን ወስጄ የመረግኋትን ቦታ ላሳያት ፈልጌ ነበር፤ መቅደሱ ግን ተዘግቷል፣ ለዘላለሙ። በውጭ በኩል አዙሬ፣ «እዚህ ጋ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ፣ የኔ ናት» አልኳት። እናቴ ያገጠጠውን እንጨት በእጇ ዳበሰችው።

ይሄን ሁሉ ሳሮን ለጎጎ ታንዲ አስተረጎመችላት። ጎጎ ታንዲ ጭንቀት ነበረባት፤ ጳጳሳቸው ሊጎበኙ ነውና ግድግዳው እንዲህ ሆኖ እንዳይታይባት ትፈልጋለች። ግንበኛ መጥቶ ሲሚንቶ ልምታበት ብሏል። እኔ ሲሚንቶ ጭቃ አይወድም፣ ይዞት ይወድቃል አልኳት። ከጓሮ አሮጌ የፕላስቲክ ገንዳ አገኘን። ቀይ አፈር እዚህም አለ፣ ይመስገን። ጭድ ብንፈልግ ሳሮን ለጥንቸል የሚሸጥ ገለባ በከረጢት ገዝታ መጣች፣ ስቄ ልሞት። ሁለት ጎጎዎች ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ገንዳ ውስጥ ገባን።

«እናቴ እንዲህ ነበር ቤታችንን የምትመርገው» አለች ጎጎ ታንዲ እየረገጠች። «የሷም እናት።» ከዚያ አንገቷን አዙራ ያንን የተገመሰ ግድግዳ አየችው፣ ቆየት ብላ።

ከሳምንት በኋላ ቀለበት አሾርኩና ጣቷ ላይ ጠቀለልኩት። ለማግባት ዘግይተናል ብላ ሳቀች። «ጳጳሱ እስኪመጡ ይደርሳል?» ስትል በሳሮን አስጠየቀችኝ።

«አላውቅም በያት» አልኳት ሳሮንን።

ባለፈው እሑድ ጎጎ ታንዲ በሩ ላይ ጠብቃ ተቀበለችኝ። ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ሶፍት አውጥታ በጥንቃቄ ፈታችው። ቀለበቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሁለቱንም ቁራጭ መዳፏ ላይ ዘርግታ አሳየችኝና፣ ሳሮንን ሳትጠብቅ፣ በአማርኛ፣

«ገና ነው» አለች።

ገንዳው አጠገብ ጫማችንን አወለቅን።